እትዬ ጥሩነሽ ያዋሱት ፊት

ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው የማይሰማው ጥያቄ የለም። «ቀላ አድርገኝ»፣ «ጥርሴን ሸፍንልኝ»፣ «ባሌን ከዚህ ፎቶ አውጣልኝ»። ደብረ ማርቆስ ላይ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አብዛኛውንም አድርጌያለሁ። ስልክ ሰዉን ሁሉ ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ ደግሞ ካሜራና ሌንስ እየሸጥሁ እኖራለሁ። ከሠራሁት ሁሉ ግን አንዱን ምነው ባልሠራሁት ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬም ያባንነኛል።

የብርጓል የምትባል የአምበር ከተማ መምህርት ባለፈው ጥቅምት ሱቄ ስትገባ ያ ነገር አብሯት ገባ። ገና ሳያት አወቅኋት። እናቷ እትዬ ዘመናይ ከስምንት ዓመት በፊት የሞቱ ጊዜ የለቅሷቸውን ፎቶ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ የቤተሰብ ፎቶ የማነሳበት ካሜራ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «ከሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ይሁንልኝ።»

«ለቤተሰብ ፎቶ ምን ሩቅ ያስኬድሻል? ተጣልታችኋል እንዴ?» ብዬ ቀለድሁባት።

አልሳቀችም። «አክስቴን ሳታውቅ ላነሳት ነው» አለች። «ልቧን ታማለች፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። ብትሞትብን ምን ይዘን እናለቅሳለን? ያንኑ ፎቶ? ሁለት ጊዜ?»

በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሉሃል ይህ ነው። አፈርሁ። ያ በእናቷ ለቅሶ ላይ የተያዘው ፎቶ የእናቷ አልነበረማ። የዚችው የአክስቷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ዘመናይ ካሜራ ባዩ ቁጥር ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የሚስቡ ሴት ነበሩ። በየሠርጉ ፎቶ ላይ አሉ፤ የሚታየው ግን ነጠላና ግንባር ብቻ ነው። የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ላይ ደግሞ ማኅተሙ አፍና አፍንጫቸውን ውጦታል። በእኛ ዘንድ ፎቶ የሌለው ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ደረት ላይ ይታቀፋል፤ አስለቃሿም ፊቱን እያየች ነው የምትገጥመው። በሞቱ ማግስት ታናሽ እህታቸው እትዬ ጥሩነሽ ዓይናቸው አብጦ ሱቄ መጡ። ከጉያቸው የራሳቸውን ፎቶ አወጡ። ከዓመታት በፊት፣ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ እኔው ያነሳኋቸው ነበር።

«እኔና እሷ አንድ ፊት ነን። በስምንት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ይችን አሳድግልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ እንዴት ይሆናል?»

«ታዲያ እህቴ ፊት እንደሌላት ሰው በባዶ እጅ ይለቀስላት?»

ምን ልበል? አሳደግሁት። ፍሬም አገባሁበት፣ ማዕዘኑ ላይም ጥቁር ሪባን አሰርሁ። በሣልስቱ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም። እትዬ ጥሩነሽ የራሳቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ ታቅፈው ለእህታቸው ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልሰመረም። ከሩቅ አገር ለለቅሶ የመጣው ሰው ያየው ፎቶውን ብቻ ነው፤ የሞቱት እትዬ ጥሩነሽ መሰሉት። አንዲት ሴት አምበር ገበያ ላይ እትዬ ጥሩነሽን ድንገት ብታይ የያዘችውን ጌሾ በትና አማተበች። ሌላዋ ሰላም ሳትል መንገድ ቀየረች። ፎቶው የተሰቀለው የብርጓል ቤት ነውና እትዬ ጥሩነሽ ሊጠይቋት ሲመጡ ከበረንዳው አያልፉም። ባለፈው ክረምት ዝናብ አስገድዷቸው ቢገቡ፣ የብርጓል የአራት ዓመት ልጅ አርሴማ «አያቴ ከግድግዳው ወረደች!» ብላ ጮኸች። ካሜራስ? ስልክ እንኳ ቢደቀንባቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ይስባሉ፤ ልክ እንደ ሟቿ።

«የኔ ደግሞ ይብሳል» አለችኝ የብርጓል። «የእናቴ ፊት ጠፋኝ፣ ጋሼ። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያችው የግድግዳዋ ናት።»

ሁለት ሌንስ አወጣሁላት። አንዱ ረጅሙ ዙም ነው፤ ማዶ የቆመን ሰው የቅንድቡን ጠጉር ያስቆጥራል። ሁለተኛው አጭሩ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ነው፤ አያቀርብም አያርቅም፣ ጨለምለም ያለ ቤት ውስጥ ግን እሱን የሚያህል የለም።

«ያንቺ ቤት መስኮቱ አንድ ነው፤ ይኼኛው ይሻልሻል» አልኋት። «በዚህ ግን መቅረብ የምትችይው በእግርሽ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ላይ፣ ፊት ለፊት ትቆሚያለሽ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ካሜራውን ከረጅሙ ሌንስ ጋር ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ ሌንሱን መለሰችው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማዶ ከጥድ ሥር ተደብቃ ጠብቃ ነበር። «አክስቴ ከሴቶች ጋር ታወራለች። አቀረብኋት። ልጫነው ስል ዞር ብላ ቀጥ አድርጋ አየችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሩቅ! ነጠላዋንም ሳበች። እንደ ሌባ ሮጥሁ።» ያነሳችውን አሳየችኝ። ነጠላና ግንባር ብቻ ነው። እትዬ ዘመናይ በየሠርጉ የተነሱት ፎቶም ልክ እንዲሁ ነበር።

«አጭሩን ያዥ» አልኋት። «እኔም አብሬሽ እመጣለሁ። ለምነን እንጂ ሰርቀን አይሆንም።»

ቅዳሜ በሚኒባስ አምበር ሄድን። እትዬ ጥሩነሽ የብርጓል በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ከስተዋል፣ ጉንጫቸውም ገብቷል። እኔን ሲያዩ «ገዳዬ መጣህ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? ጫማቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልሁ።

«ተነስ፣ አንተ ምን አጠፋህ? እኔው አምጥቼ እኔው ነኝ ያስገደልሁ። ሰው ልብሱን ያውሳል እንጂ ፊቱን ያውሳል?»

የብርጓል ለምን እንደመጣን ነገረቻቸው። ለቀብራቸው መሆኑን እንኳ አልደበቀቻቸውም። እትዬ ጥሩነሽ ምስሩን ጥቂት ለቀሙ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡና ከዝናቡ ቀን ወዲህ ያልረገጡትን የበሩን ደፍ ተሻገሩ። መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፎቶው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል፤ ሪባኑ አቧራ ጠጥቷል። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና «በይ» አሉ።

የብርጓል ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች። ጠበቅሁ። ምንም ድምፅ የለም።

«ተጫኚው እንጂ» አልኋት ቀስ ብዬ።

«እማዬ ናት» አለች። «ጋሼ፣ እማዬ ናት። ይኸው ከንፈሯ፣ ይኸው የጉንጯ አገባብ። ረስቻት ነበር እኮ!» እያለቀሰች ተጫነችው።

እትዬ ጥሩነሽ ካሜራውን ተቀብለው የራሳቸውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት። «ይችማ ዘመናይ ናት» አሉ። «ዘንድሮ ስድሳ ሞላኝ። እሷም በስድሳዋ ነው የሄደች። ስምንት ዓመት ቆማ ጠበቀችኝና ደረስሁባት፤ እኩያ ሆንን።»

ቀና ብለው ያን ሁሉ ዓመት የሸሹትን ፎቶ ቀጥ አድርገው አዩት። «ይችን አዲሷን ለእሷ ስቀሉላት። ያችን የጉብዝና ዘመን ፊቴን ግን መልሱልኝ። ቀኔ ሲደርስ እሷን ይዛችሁ አልቅሱልኝ።»

አዲሱም እኮ የእርስዎ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። የብርጓል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

ሱቄ ተመልሼ ፎቶውን አሳደግሁት። ጥቁር ሪባንም አሰርሁበት። በሕይወት ላለ ሰው ሪባን ሳስር ሁለተኛዬ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ለእኒያው ሴት። አሥሬ እየፈታሁ አሰርሁት። ሊወስዱት የመጡትም ራሳቸው እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ፍሬሙን ተቀብለው እንደ ያኔው ደረታቸው ላይ ታቀፉት፤ ዛሬ ግን አላለቀሱም። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ሲናገሩ ሰማሁና እኔን መስሎኝ «አቤት» አልሁ።

እኔን አልነበረም። ፎቶውን ዝቅ ብለው እያዩ «ነይ እህቴ፣ ቤትሽ እንግባ» ይሏታል።