በትርንጎ ስም አቤት ስል

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለትምህርት ብላ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ አጎቴ ዘንድ ሰደደችኝ። አጎቴ አያ ሙሉ መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ይጠግኑ ነበር። ያኔ ሲመሽ መብራት ስለሚጠፋ ፋኖስ ያበሩና የመበየጃውን ብረት ፍም ውስጥ ይሰኩታል፤ እስኪግልም ከሣጥን ሙሉ ገመድ አንዱን መዘዝ አድርገው፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ስለ ገመዱ እንደ ተረት ያወሩኛል።

አንድ ምሽት ጫፉ ላይ ዘጠኝ የብረት እሾሆች ያሉት አጭር ገመድ አነሡ።

«ይኸን ሁሉም ሰው ዲቢ ዘጠኝ ይለዋል፤ ስሙ ግን አይደለም» አሉኝ። «ዲ ያሉት አፉ ያን የፈረንጅ ፊደል ስለሚመስል ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል የአፉን ስፋት ይነግርሻል፣ ቁጥሩ የእሾሁን ብዛት። ቢ የዚያ የሰፊው፣ የባለ ሃያ አምስቱ ነው። የዚህ የትንሹ ኢ ነበር፤ ዲኢ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ለምን በሌላው ስም ይጠሩታል?»

«ሰው ትልቁን ለምዶ ነበራ። ትንሹ ሲመጣ በዚያው ጠሩት፤ የመጀመሪያ ቀን አይደለም የሚል አልተገኘም።»

ነገሩ ሆዴ ገባ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ጥሩ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በኩፍኝ የሞተች ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሲመሽ የጓሮው በር ላይ ቆመው «ትርንጎ» ብለው ይጣራሉ። እኔም ስሜ ውድነሽ ሆኖ ሳለ፣ ተሳስተው እኔን የጠሩ እየመሰለኝና እያሳዘኑኝ «አቤት» ብዬ እሄዳለሁ። ትንሽ አየት ያደርጉኝና ውኃ አምጪ ወይም በሩን ዝጊ ይሉኛል።

ያን ምሽትም ተጣሩ። ሄጄ ከኋላቸው ቆምኩና «እትዬ፣ እኔ እኮ ውድነሽ ነኝ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከጓሮው ሳይመልሱ «አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺን አልነበረም የምጠራው።»

አያ ሙሉ መጥተው እጄን ያዙና ወደ ፋኖሱ መለሱኝ። ገመዱን ወደ ሣጥኑ መለሱት። ብረቱም ፍሙ ውስጥ እንደጋለ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ጥሩ መጣራታቸውን አልተዉም፤ አቤት ማለት የተውኩት እኔ ነኝ። ስሙ ሲጠራ ቤቱ ጭር ይላል፣ አያ ሙሉ እጃቸውን ከሥራ ገታ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ጓሮው ይጥላሉ። እኔም ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ፤ መልስ እንዳይመጣ እየፈራሁ፣ ለእትዬ ስል ደግሞ ቢመጣ እያልኩ።

ዛሬ ሁለቱም አርፈዋል። እኔም ቡሬ ተመልሼ የራሴን ልጆች አሳድጋለሁ። ሲመሽ ከደጅ ስጠራቸው፣ ጨዋታ ይዟቸው አቤት ሳይሉ የሚቆዩባት ያች ትንሽ ጊዜ ለእኔ ረዥም ናት።