የኦቦ ቶሌራ ድንችና የዋሻው አራሶች

ሥራ የጀመርኩት በ2007 ዓ.ም. አምቦ ነው። የዱር እንስሳት ባለሙያ ተብዬ ስቀጠር ድኩላና ጉሬዛ እያየሁ በየጫካው የምዞር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የቡድን መሪያችን አዴ ጫልቱ የራስ ቁር፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ የቆዳ ጓንትና ቀይ ብርሃን የሚሰጥ የግንባር ባትሪ አስታቀፉኝ።

«ለምኑ ነው?» አልኳቸው።

«ለሌሊት ወፍ። ናማ፣ መኪናው ቆሟል።»

ጌዶ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት አባቴ ይህን በስልክ ሲሰሙ ሳቃቸው አልቆም አላቸው። «ከማል፣ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩህ ለሌሊት ወፍ ነው?» አሉኝ። 

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ዋሻ አፍ ቆመን ስስ መረብ ዘረጋን። አዴ ጫልቱ አንዷን ከመረቡ በጥንቃቄ ፈትተው በጓንት እጃቸው ያዟት። አፍንጫዋ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። በጨርቅ ከረጢት አድርገው መዘኗት፤ የክንዷን ርዝመት በመለኪያ ወሰዱ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ሽው ብላ ሄደች። ሁለተኛዋን ለእኔ ሰጡኝ። ልቧ በጓንቱ ውስጥ ሲመታ ተሰማኝ። የእኔም ልብ አብሮ ይመታ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ማታ ለአባቴ ደውዬ አንድ በአንድ ስተርክላቸው፣ «በል እሺ፣ ደህና እደር» ብለው ዘጉብኝ።

ከዚያ በኋላ ከጌዶ እስከ ካቺሲ ያልወጣሁበት ገደል የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ሥራችን የትኛው ዋሻ ውስጥ የትኛው የሌሊት ወፍ ዓይነት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚያሰጋው ማወቅ ነበር። ኩሳቸውን በማጉያ መነጽር ስናይ የእሳት እራትና የጢንዚዛ ስብርባሪ እናገኛለን። እሳት የተነደደባቸው ዋሻዎች ጣሪያቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ባዶ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሳይ ቀኑን ሙሉ ያናድደኛል።

ከሁሉም የምወደው ከጎጆ ከተማ ወረድ ብሎ ገደሉ ላይ ያለውን ዋሻ ነው። ጎጆ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የዚህ ዋሻ ጣሪያ ግን አንድ ቦታ ላይ ወደ ላይ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ የእንስሳቱን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በዚህ ምክንያት የአካባቢው እናት የሌሊት ወፎች ሁሉ ለመውለድ እዚያ ይሰበሰባሉ። ብዙ ፈልገን ሌላ እንደሱ ያለ አላገኘንም። አዴ ጫልቱም ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ በወሊድ ወቅት ማንም ባለሙያ ወደ ውስጥ አይገባም።

ከኮሮናው ወዲህ ባለ አንድ ሰኔ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ደወለ። «ኦቦ ቶሌራ ዋሻውን ዛሬ ሊያጨሱት ነው፤ ደቦው ተጠርቷል» አለ። ኦቦ ቶሌራ ዋሻው ያለበት ማሳ ባለቤት ናቸው። ደሜ ፈላ። ግልገሎቹ ገና አይበሩም። እናቶቹ ከጭሱ ቢያመልጡ እንኳ እነሱ እዚያው ታፍነው ያልቃሉ።

ጭቃው መኪናውን እያንሸራተተው ደረስን። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። የዋሻው አፍ ላይ ርጥብ ገለባና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተከምሯል፤ በላዩ በርበሬ ተነስንሷል። የሌሊት ወፎቹ እንዳይመለሱ ማገጃ የሚሆን ድንጋይም ቀርቧል። ራቅ ብሎ ደግሞ የበልግ ድንች፣ አዲስ የተቆፈረ፣ በጨፈቃ ተሸፍኖ ተከምሯል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ኦቦ ቶሌራ ዋሻውን የድንች ጎተራ ሊያደርጉት ነው።

«አካም ቡልተን!» አሉ አዴ ጫልቱ። ሰላምታው ተመለሰ፤ የሚሰማን ግን አልነበረም። ኦቦ ቶሌራ ክብሪቱን ከኪሳቸው አወጡ።

እኔ ስለ ሕግ መናገር ልጀምር ስል አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጩና በሁለት እጃቸው ለኦቦ ቶሌራ ዘረጉላቸው። በእኛ አገር ሣር ይዞ የለመነን ሰው ሳይሰሙ ማባረር ነውር ነው።  ኦቦ ቶሌራ ሣሩን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ ደመናው እየከበደ ነው።

«ኧረ አዴ ጫልቱ፣ ይኼንን ይዘው ቆመው እኔ ምን እላለሁ? ይናገሩ፣ እሰማለሁ።»

«ከመናገር ማየት ይሻላል። በወሊድ ወቅት ባለሙያም አናስገባም፤ ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ከዚህ ልጅ ጋር ይግቡ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።»

«ኮሮናን ያመጡት እነሱ አይደሉ እንዴ?» አለ አንዱ ጎረቤት።

«እኛ ካልነካናቸው እነሱም አይነኩንም። ጭስ ብትለቅባቸው ግን በየቤቱ ጣሪያ ሥር ነው የሚገቡት» አሉት አዴ ጫልቱ።

ለኦቦ ቶሌራ የራሴን የራስ ቁር አጠለቅኩላቸው፤ ትርፍ መሸፈኛም አሰርኩላቸው። በቀይ ብርሃን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ግድግዳውን ተጠግተን ገባን። ወደ ጣሪያው አመለከትኳቸው። እናቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ተንጠልጥለዋል፤ በየደረታቸው ፀጉር ያላበቀሉ ግልገሎች ተጣብቀዋል። አንዷ ክንፏን ገለጥ ስታደርግ የሚጠባው ታየ።

ኦቦ ቶሌራ ትከሻዬን ጨበጡት። «ያጠባሉ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ያጠባሉ። በዓመት አንድ ብቻ ነው የሚወልዱት።»

«ዋቆ! አራሶች ናቸው በለኛ!»

ሲወጡ መጀመሪያ ያደረጉት በርበሬውን ከገለባው ላይ ማራገፍ ነበር። «አራስ ላይ ጭስ አልለቅም» አሉ ለተሰበሰበው። ደስታዬ ገና ከአፌ ሳይወጣ ወደ እኛ ዞረው፣ «እሺ፣ እነሱስ ቤት አላቸው። የእኔ ድንች ይበስብስ?» አሉ።

ጥያቄው ትክክል ነበር።  አዴ ጫልቱ ሰዉን፣ ድንጋዩንና ቅጠሉ ለጭሱ የተመለመለውን የባሕር ዛፍ አጠና በዓይናቸው ቃኙ። «ደቦው እንደሆነ ተጠርቷል፤ ለምን ጎተራ አንሠራም?» አሉ።

አቤት ያን ዕለት የነበረው ሩጫ! ማገጃ ሊሆን የመጣው ድንጋይ መሠረት ሆነ። ድንቹ መሬት እንዳይነካ አጠና ረብርበን ቆጥ ሠራን። ገለባው ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ በሌሊት ወፍ መያዣ ጓንቴ አጠና ስሸከም ሴቶቹ፣ «ባለ ሙያው ዛሬ ሙያ ለመደ!» እያሉ ሳቁብኝ። ሾፌራችን ሳይቀር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገለባ ይከድን ነበር። የመጨረሻው ጆንያ ሲገባ ዝናቡ ወረደ። ኦቦ ቶሌራ ጎተራው ውስጥ ገብተው ጣሪያውን በእጃቸው ዳሰሱ። ጠብ የሚል የለም። እልል ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ እናቶቹ መውጣት ጀመሩ። ወጥተው አላልቅ አሉ። ደቦው በሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። ስለ ኮሮና ያነሳው ጎረቤት ወደ ማሳው ሲበተኑ እያየ፣ «ምን ሊያድኑ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእሳት እራትና ጢንዚዛ እንደሆነ ነገርኩት። «ኧረ ይብሉ!» አለ።

ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው ጋር ይበሩ ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት ደግሞ የሥራ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከዋሻው የግንባታ ድንጋይ ሊፈነቅሉ መጥተው ኦቦ ቶሌራ ዱላ ይዘው እንደመለሷቸው ሰማሁ። «በወሊድ ወቅት ባለሙያም አይገባ፣ እናንተ እነማን ናችሁ?» ብለዋቸዋል።

አሁን የቡድን መሪ ነኝ። አዲስ ባለሙያ ሲመጣ መረቡን ከመስጠቴ በፊት የማሳው ባለቤት ቤት እወስደዋለሁ። ተቀምጦ ሰውየው ምን እንደቸገረው ይጠይቃል። ዋሻው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።