እናቴ ያላደረችበት አልጋ

ከዚህ በፊት ለማንም ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ልብስ የምሰፋላቸው ሴቶች የወገብና የትከሻ ልክ ነው። ሰው ፊት መናገርማ ጭራሽ አይሆንልኝም። ነገር ግን በዚሁ ጋዜጣ አንድ መንገደኛ በአምቦ መስመር ለቤተሰብ የሚመች ማረፊያ እንደ ልብ ይገኛል ብለው የጻፉትን ሳነብ ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው እናቴን ይዘው አልሄዱም። እኛ ይዘናት ሄድን።

ጳጉሜን 1፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጭልሞ

አባዬ የጭልሞ ጣውላ መሰንጠቂያ ሾፌር ናቸው። ለጉደርና ለባኮ ጣውላ እንዲያደርሱ ሲታዘዙ ቤተሰባቸውንም በካሚዮኑ ይዘው እንዲሄዱ አስፈቀዱ። ምክንያቱ ታናሽ እህቴ ጽጌ ናት። ጽጌ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች። በእኛ አካባቢ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ስለሌለ ወይ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ፣ ወይ ባኮ አጠገብ ካለ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት አለባት። ቤታችንን ያመሰው ግን የምትማርበት ሳይሆን የምታድርበት ነገር ነው። እማዬ ቁርጡን ተናግራለች፦

«እኔ ራሴ ያላደርኩበት አልጋ ላይ ልጄ አታድርም!»

አባዬም የራሳቸውን ቁርጥ ተናገሩ፦ «እሺ፣ ዞረን እናያለን። ለእንቁጣጣሽ እስክንመለስ ማደሪያ ካልተገኘላት ግን ትምህርቱ ቀረ። ሁለተኛ እንዳታነሡብኝ።»

ጽጌ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

ጋቢናው ውስጥ አራት ሆነን ተጠቀጠቅን። እማዬ በመስኮቱ በኩል፣ ጽጌ ከእሷ ቀጥሎ፣ እኔ ማርሹን በሁለት ጉልበቶቼ መሃል አድርጌ። ከኋላችን አዲስ የተሰነጠቀ የዝግባ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ በሸራ የተሸፈነ የእማዬ አንሶላና አንድ ቆርቆሮ የቁንጫ ዲዲቲ። አባዬ ማርሽ በለወጡ ቁጥር ጉልበቴን ይመቱኛል።

«ይቅርታ ልጄ» ይላሉ። ጊንጪ ስንደርስ ይቅርታውን ተዉት፤ መምታቱን ግን አልተዉም።

ከሰዓት በኋላ፣ አምቦ

በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት ትባላለች፤ በሰው አፍ ግን አምቦ ናት። ከተማዋ ለጳጉሜን ጠበልና ለፍልውሃ በመጣ ሰው ጢም ብላለች። ሁሉም በትከሻው ፎጣ ጥሎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ረጥቦ ይሄዳል። ዝናቡ ደግሞ ያልታጠበውንም ያጥበዋል።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ጸሐፊው ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነው። የጽጌን ውጤት አይቶ ራሱን ነቀነቀና እንዲህ አለን፦

«ውጤቷ በጣም ጥሩ ነው፣ አባቴ። ግን እዚህ አዳሪ የለንም። ከሩቅ የምትመጣ ሴት ልጅ እዚሁ ከተማ የሚኖር ኃላፊ ያስፈልጋታል፤ ዕድሜው የደረሰ ሰው ሆኖ፣ ከእሷ ጋር አንድ ቤት የሚኖር። ጳጉሜን አራት ከቀትር በፊት የኃላፊውን ስም ካላስመዘገባችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

ከዚያ ማደሪያ ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያው ሆቴል በር ላይ የቆመችው ሴት ገና ከካሚዮኑ ሳንወርድ እጇን አወዛወዘች።

«ሲሬን ኢንጅሩ! አልጋ የለም እናቴ፣ ወንበር እንኳ የለም!»

በሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ አንድ የተዘበራረቀ አልጋ አሳየን። ሞቅ ይላል። እማዬ እጇን ከብርድ ልብሱ ላይ ቶሎ አነሣች።

«ሰው አለበት እንዴ?»

«አለበት፤ ግን ገላውን ሊታጠብ ሄዷል። እስኪመለስ ጋደም በሉበት።»

በሦስተኛው ከቡና ቤት ጀርባ አንድ ክፍል በሦስት ብር አገኘን። የግድግዳው ጣውላ በእርጥቡ ተመትቶ ኖሮ ሲደርቅ ተሰነጣጥቋል። አባዬ በጣታቸው አንኳኩተው፣ «ይሄ የእኛ ጣውላ ነው» አሉ ኮራ ብለው። በስንጥቁ ወዲያ ጠላ የያዘ ሰውዬ ዓይን ታየ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለን።

ጤና የለም። ግራሞፎኑ፣ ሳቁ፣ የጠርሙሱ ድምፅ ሁሉ እኛ ጋ ነው ያደረው። እማዬ ዲዲቲውን ነስንሳ ሁላችንንም በሳል ጨረሰችን። በማግስቱ የቡና ቤቱ ባለቤት፣ «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ?» ስትል እማዬ ሒሳቡን እየሰጠቻት፣ «ያደረውስ ቁንጫው ነው፤ እኔ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት» አለቻት።

ጳጉሜን 2፣ ባኮ

በማለዳ ጉደር ገብተን ግማሹን ጣውላ ለኦቦ ቶሌራ አራገፍን። ኦቦ ቶሌራ የአባዬ የቆየ ደንበኛ፣ ባለሱቅና ባለእርሻ ናቸው። «ስትመለሱ እኔ ጋ ሳታድሩ ብታልፉ እንጣላለን!» ብለው ሸኙን። ጌዶ ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መንገድ ዋጠው፤ አባዬ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ነዱ። ከዚያ ቁልቁል ወርደን ባኮ ስንደርስ እንደ ምጣድ የጋለ አየር ተቀበለን። በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት የሚበልጥ በቆሎ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገባ ጽጌ ትንፋሿን ዋጠች። የተለሰነ ግድግዳ፣ በረድፍ የተነጠፉ አልጋዎች፣ በየአልጋው ላይ ነጭ አጎበር። ቁንጫ በዚያ በኩል ያለፈም አይመስልም። በዚህ ጉዞ የእግዜር ያለህ ያላልኩበት ቤት ይሄ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪዋ ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ሁሉን ካሳየችን በኋላ እማዬ ነጠላዋን አውልቃ አንዱ አልጋ ላይ አስቀመጠች።

«በቃ፣ እኔ እዚህኛው ላይ አድራለሁ።»

«እመቤቴ፣ እዚህ የሚያድሩት ተማሪዎች ብቻ ናቸው።»

«እንግዲያው እኔንም መዝግቢኛ!»

ሴትዮዋ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። ሴትዮዋም ሳቋን ሰበሰበች።

«ደንብ ነው፣ እመቤቴ።»

«የእኔም ደንብ ነው» አለች እማዬ ነጠላዋን እያነሣች።

ጽጌ በር ላይ ቆማ አጎበሩን በጣቷ ትነካለች። አባዬ የዓመቱን ክፍያ ከተቆጣጣሪዋ ጆሮ ጠጋ ብለው ጠይቀው ነበርና እማዬ እምቢ በማለቷ የቀለላቸው ይመስላሉ። እኔ ደግሞ በንዴት ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። የሚባል ነገር ሞልቶኛል፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ።

ያደርነው አንድ የበቆሎ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ነው። ትንኙ የእማዬን ዲዲቲ እንደ ቅመም ሳይቆጥረው አልቀረም።

ጳጉሜን 3፣ ከባኮ ወደ ጉደር

የሩፋኤል ዕለት ነው። ሰማዩ ተቀደደ። ልጆች ራቁታቸውን በዝናቡ ውስጥ እየዘለሉ ይጮሃሉ፤ እኛ ጌዶ ሳንደርስ ጭቃ ውስጥ ገብተን ቀረን። አባዬ ከጎማው ሥር የሚያደርጉት ጣውላ ፈልገው ዘወር ሲሉ ካሚዮኑ ባዶ ነው።

«ስንት ዓመት ጣውላ ጭኜ ዛሬ አንዲት ቁራጭ ልጣ!»

ገበሬዎች ቅጠልና ድንጋይ አምጥተው፣ ገፍተው አወጡን። ጽጌና እኔ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆንን። እማዬ ከጋቢናው ሳትወርድ፣ «ግፉ! ግፉ!» ትላለች።

ኦቦ ቶሌራ ቤት የደረስነው ሊጨልም ሲል ነው። እግራችንን አስታጠቡን፣ ገንፎ በቅቤ አቀረቡልን፣ ሰፊ አልጋ በታጠበ አንሶላ አነጠፉልን። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኮራፋች። ሲነጋ ፊቷ ሁሉ በርቶ፣ «አልጋ ማለት እንዲህ ነው!» አለች። እኔም ተስፋ አደረግሁ፤ ኦቦ ቶሌራ አምቦ ዘመድ ይኖራቸዋል፣ ጽጌን አደራ ይሰጡልናል ብዬ።

ቁርስ ላይ ኦቦ ቶሌራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኦቦ ለማ፣ ማደሪያ ፍለጋ ይህን ያህል ምን አንከራተተህ? ልጅቱ እዚሁ ትደር።»

«ከዚህ አምቦ በየቀኑ እንዴት ትመላለሳለች?» አሉ አባዬ።

«ምን ያመላልሳታል? ልጄን አይተኸዋል፤ ሱቁን የሚረከበው እሱ ነው። የተማረች ሚስት ሒሳብ ትይዝለታለች። የተማረችው ይበቃታል፣ አቦ!»

ልጃቸው ከማዕዱ ማዶ ገንፎውን እያየ እስከ ጆሮው ቀላ። እማዬ አልጋውን አየች፤ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ያየችው አልጋውን ነው።

አባዬ ተነሥተው፣ «እስቲ ዛሬ አምቦ ደርሼ ልይ። ቤት ካጣሁ ዞሬ እመጣለሁ» አሉ።

ጋቢና ውስጥ ጽጌ አላለቀሰችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እቴቴ፣ አንድ ነገር በያቸው እንጂ!» አለችኝ።

«ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቄ? ብቻ ተናገሪ!»

ማርሹ ጉልበቴን መታኝ።

ጳጉሜን 4፣ አምቦ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በየበሩ አንኳኳን። አንዷ ክፍል አላት፤ ሁለት ጎረምሳ ወንዶች ልጆቿ ግን በዚያው ክፍል በኩል አልፈው ነው የሚገቡት። አንዱ መምህር ነኝ አለ፤ ሚስቱን ስንጠይቅ ገና ሊያገባ ነው። አንዷ ባልቴት ጽጌን እጇን ይዛ እያገላበጠች፣ «እንጨት መፍለጥ ትችላለች?» አለች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። አባዬ በየመንገዱ ሰዓት ያሰረ ሰው ባዩ ቁጥር ያስቆማሉ።

በመጨረሻ አንዱ ባለጋሪ ከገበያው ጀርባ አዴ ጫልቱ ቤት ላከን። አዴ ጫልቱ የሆቴሎችን አንሶላ እያጠበች የምትኖር ብቸኛ ሴት ናት። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ በተሰጣ አንሶላ ተከፋፍሏል፤ እየገለጥን ገባን። ከቤቷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያለች ትንሽ ክፍል አሳየችን። አንድ መስኮት፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ አልጋ። በወር አምስት ብር።

እማዬ ፍራሹን አንሥታ ሥሩን አየች። አሸተተች። በጣቷ ስፌቱን ዳሰሰች። ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ ጋደም አለች። እኛ ሦስታችን ቆመን ፍርድ እንጠብቃለን።

ፍርድ አልመጣም። ጠጋ ብለን ስናያት እማዬን ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል።

አባዬ ለአራት ቀን ያላየሁባቸውን ፈገግታ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ አዴ ጫልቱ ዞር ብለው፣ «እንግዲህ እናቴ፣ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ ብለን ስምሽን እናስመዝግብ» አሏት።

«የማንን ስም?» አለች አዴ ጫልቱ። «አይ ኦቦ ለማ! እኔ ቤት አከራያለሁ እንጂ የሰው ሴት ልጅ አልጠብቅም። ዘንድሮ አንዷን እሺ ብዬ ጠብቄ፣ በዚያች መስኮት ወጥታ ባል አገባች። አባቷ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያየኝ ይሰድበኛል።»

አባዬ ለመኗት። ቤት ኪራዩን እንጨምር አሏት። በእምቢታ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አባዬ ባርኔጣቸውን አወለቁና መልሰው አደረጉ።

«በቃ» አሉ። «እናታችሁን ቀስቅሷት። ወደ ጉደር ነው።»

ጽጌ አየችኝ። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ አየችኝ ብቻ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ድምፄ ለካ እንዲህ ይጮሃል! እማዬ ብድግ ብላ ተቀመጠች።

«ምን አልሽ?» አሉ አባዬ።

«ጸሐፊው ያለው ዕድሜው የደረሰ ሰው ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አብሬያት እዚህ እኖራለሁ።»

«የስፌት ሥራሽስ?»

«በሚቀጥለው ጭነት የስፌት መኪናዬን ያምጡልኝ። አምቦም ሰው ልብስ ይለብሳል።»

«እኔንስ ማን ያግዘኛል?» አለች እማዬ ፀጉሯን እየሰበሰበች። «ደግሞስ ይቺ ነች ኃላፊ? ለጨው ስልካት ባለሱቁን ማናገር አፍራ ባዶ እጇን የምትመለስ!»

እውነቷን ነው። ጆሮዬ ሁሉ ነደደ።

«ጨው ለእኔ አልነበረም እማዬ» አልኩ። «ይሄ ግን ለጽጌ ነው። የሚያናግረኝን ሁሉ አናግራለሁ።»

እማዬ ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ፣ «ቀትር እኮ ሊሆን ነው፤ ምን ገተረህ?» አለች።

አባዬ ስሜን ሊያስመዘግቡ ጽጌን በእጇ እየጎተቱ በአንሶላዎቹ መሃል ሮጡ። ጽጌ ዞር ብላ ልትስመኝ ፈልጋ አንድ እርጥብ አንሶላ ፊቷ ላይ ተጠመጠመባት፤ ከነሳቋ ይዘዋት ሄዱ። እማዬ ጫማዋን ትፈልጋለች። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። አዴ ጫልቱ የታጠፈ አንሶላ በክንዷ እንደያዘች ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልጄ፣ አፍ አለሽ ለካ! እኔ እኮ ከገባችሁ ጀምሮ ዲዳ ናት ብዬ አዝኜልሽ ነበር። በይ ነይ፣ ሌላ ፍራሽ ጓዳ አለ፤ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»