«አለው» በ«ው»

ልጄ ወታደር ሆና ባሕር ማዶ በተላከችባቸው ወራት፣ እሑድ እሑድ የምትጽፍልኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አለው»።

አለሁ ማለቷ ነው። እኔ አባቷ ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ፤ በ«ሁ» የሚጻፈውን በ«ው» ጽፈው ሳይ ደሜ ይፈላል። ምን አለው? ቤት አለው? መኪና አለው? እያልኩ እመልስላት ነበር። እሷም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና በእንግሊዝኛ ይቅርታ ትለኝና፣ በሳምንቱ ያንኑ «አለው» ትልካለች። ግትርነቷን ከሩቅ አላመጣችውም፤ ከእኔው ነው።

እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንዲት የወሎ ልጅ አለች፤ አገር ቤት ያደገው ባሏ ከልጄ ጋር በአንድ የጦር ክፍል ነው። የተዋወቅነው በወታደር ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ ነው። ሁለት ሕፃናት ይዛ፣ ሥራ እየሠራች፣ ብቻዋን ቤቱን ቀጥ አድርጋ ትጠብቀዋለች። እሑድ ቀድሞ መልእክት የደረሰው ለሌላው ይደውላል።

አንድ ጊዜ ሦስት እሑድ በተከታታይ ሁለታችንም ሳንደዋወል አለፈ። የምንለው አልነበረንም። እኔማ ያን ሁሉ እርማቴን እያሰብኩ ራሴን ረገምኩ። ብቻ ትጻፍልኝ እንጂ በፈለገችው ፊደል ትጻፈው ብዬ ተሳልኩ።

በአራተኛው እሑድ ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። «አለሁ» ይላል። በ«ሁ»።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ይህ የልጄ አጻጻፍ አይደለም። እሷ አንድ ነገር ሆናለች፣ በስልኳ ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ ብዬ ደመደምኩ። ወዲያው አሌክሳንድሪያ ደወልኩ። ልጅቱ እስክጨርስ ሰማችኝና በለቅሶ መሀል ሳቀች። ባሏ ገና አሁን ደውሎላት ነበር፤ የነበሩበት ቦታ ስልክ አይሠራም እንጂ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

«ጋሼ፣ እሱ ነው ያስተማራት» አለችኝ። «ሦስቱን ሳምንት ካርቶን ላይ ፊደል ሲያስቆጥራት ነው የከረመው። አባዬን ሰርፕራይዝ ላድርገው ብላ ነው።»

አድርጋኛለች። ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም።

የተመለሱ ዕለት አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። ሁሉም ወታደሮቹን ለማመስገን ነው የመጣው፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን አስቀድሜ ወደዚያች የወሎ ልጅ ዞርኩና፣ «አላህ ይስጥልኝ ልጄ፤ አንቺም ዘምተሽ ነው የከረምሽው» አልኳት። አቀርቅራ የትንሿን ልጇን ጃኬት ዚፕ ደጋግማ ሳበች።

በሩ ሲከፈት የያዝኩትን ካርቶን ከፍ አደረግሁ። በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲታይ አግዝፌ፣ «አለው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ልጄ ከሰልፉ መሀል አየችው። ሻንጣዋን ጥላ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም በሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ከዚያ ለቀቀችኝና ጣቷን «ው» ላይ አድርጋ በአማርኛ፦

«አባዬ፣ ተሳስተሃል። በ‹ሁ› ነው» አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳርም ኖሬ፣ መታረም እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።