መርሻና የሙሴ ባርዶ ብሬቬ

እህቴ የውብዳር ያገባችው መርሻ ደግ ሰው አልነበረም፤ ምን አስዋሸኝ። ፈረንሳዮች በሚገዙት የወደብ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን ሬዲዮ እየሠራ ሲሸጥ ደንበኛን እንኳ ቀና ብሎ አያይም። ምላሱ እሳት ነው። እጁ ግን እጅ ነበር። የባሕሩ እርጥበት ከውጭ የመጣውን ሬዲዮ ሁሉ ሲያበላሽ፣ የእሱ ከርሞም ይናገራል። ሽቦውን ራሱ ጠምጥሞ ሰም ውስጥ ይነክረዋላ!

ሙሴ ባርዶ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ይህን አይቶ «በሰም የተነከረው ጥምጥም የእኔ ነው፤ ብሬቬ አለኝ» ሲል ከሰሰው። ብሬቬ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት ነው። መርሻ ግን ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ ይሠራው እንደነበር የሚያውቁ ደንበኞች ሊመሰክሩለት ቆርጠው ነበር። ከተረታ ሱቁ ይዘጋል፤ ሬዲዮዎቹም ይሰባበራሉ።

ምን ያደርጋል፣ አላስችል ብሎት ባርዶን ገበያ መሀል አንቆ «ሌባ! የሌባ ልጅ!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሌላ ክስ እንዳይመጣ ሽማግሌ ገባ፦ አቶ ተክለወልድ፣ ከባቡሩ ሥራ ጋር የመጡ፣ አበሻው ሁሉ የሚያከብራቸው። በሽምግልናው የተባለው እዚያው እንዲቀር ሁሉንም አስማሉ፤ ራሳቸውም ማሉ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ» አሉት።

«እኔ የሰረቅሁት ነገር የለም!»

«ስለ ሥራህ ማን አነሳ? ስለ ስድቡ ነው።»

ለማንም ጎንበስ ብሎ የማያውቀው መርሻ ለእህቴ ዕንባ ሲል እሺ አለ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየው፣ ባርዶ እግር ላይ ወደቀ። ባርዶ ፈገግ ብሎ አነሳው። ያንን ፈገግታ ያኔውኑ ጠላሁት።

ፍርድ ቤት የባርዶ ጠበቃ አቶ ተክለወልድን ለምስክርነት ጠራ።

«ተከሳሹ ይቅርታ ጠይቋል?»

«አዎን፣ ጠይቋል።»

«በምን ጥፋት?»

 ሽማግሌው «የሽምግልና ነገር ውጭ አይወራም፤ ምያለሁ» አሉ።

መርሻ ከተቀመጠበት ተነስቶ «ስለ ስድቡ ነው ይበሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ዝም አሰኘው። ጠበቃው «ያልሰረቀ ሰው ድንጋይ ይሸከማል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ደንበኞቹ ቢመሰክሩም ሰሚ አጡ። ተፈረደበት። የፍርድ ቤቱ ሰዎች ሬዲዮዎቹን በመዶሻ ሲሰባብሩ መርሻ ቆሞ አየ።

ሰንበት ብለው አቶ ተክለወልድ ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ መሐላዬን ላለማፍረስ ብዬ ነው።»

መርሻ አንቱታውን ተወው። «አንተ ነፍስህን አዳንህ፤ እኔን አስበላህ። ውጣ!»

እህቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌን አንተ ማለት በእኛ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ግን አንጀቴ ራሰ።

አቶ ተክለወልድ ሲሞቱ አበሻው ሁሉ ነቅሎ ወጣ። መርሻ ያን ቀን ወደቡ ላይ ከሰል ሲያራግፍ ዋለ። አስከሬኑ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆሞ እንኳ አላሳለፈም።