ለካራቴ የጻፍኩት ምስክርነት

ሌላው ስደተኛ ጨለማን ተገን አድርጎ ይወጣል ይባላል። እኔ ከቡራዩ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በሚኒባስ፣ ጋቢና ተቀምጬ ነው። የምሸሸው ሰው ታክሲ ተራው ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ይፈትሽ ነበር። ሻንጣዬን አየና "ጋሼ፣ በሰላም ይግቡ" አለኝ።

የሰፈሩ ሰው ካራቴ ይለዋል፤ የዱርዬዎቻችን አውራ ነበር። በእኔ ልጅነት ዱርዬ የሚወራወረው ድንጋይ ነበር፤ ቆይቶ ጩቤ መጣ፣ ከዚያ ማጅራት መቺው። ፖሊስ በየዘመኑ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፦ አፈሳ። ልጆቹን ጠራርጎ ይወስድና በሳምንቱ ጸጉራቸውን ላጭቶ ይመልሳቸዋል። የተላጨ ራስ የጀግና ምልክት ሆኖ ያልታፈሰውም እየተላጨ ይንጎራደድ ጀመር።

እኔ ደግሞ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። የእድር ስብሰባ ላይ ሁሉም ሌላ አፈሳ ሲለምን ተነሥቼ "ካራቴን የሰፈር ጥበቃ እናድርገው፤ ኃላፊነት ሰውን ይለውጣል" አልኩ።

ሊቀመንበራችን ኦቦ ቶሎሳ "ካልተለወጠስ፣ መጽሐፍህ ምን ይላል?" ቢሉኝ ሳቅሁ።

ምስክርነቱን ራሴ ጻፍኩት፤ "በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ" ብዬ። የእድሩ ማኅተም አረፈበት። ካራቴ በዓመቱ ሚሊሻ ሆኖ ጠመንጃ ታጠቀ። ድሮ በጩቤ የሚነጥቀውን አሁን በፍተሻ ይወስደው ጀመር።

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አቤቱታ። እንዲያጣራ የተመደበው ካራቴ ራሱ! ደብዳቤዬን ይዞ ቤቴ መጣ፣ ጠመንጃውን ሶፋዬ ላይ አጋደመና "ጋሼ፣ ጽሑፍዎ መቼም ያምራል። የፊተኛው ግን ይበልጥ ነበር" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን አነሣሁ።

አሁን ስዊድን፣ ማልሞ ነኝ። የሱሉልታን ብርድ ስናማ የኖርን ሁሉ ይቅርታ ልንጠይቀው ይገባል። የጥገኝነት መርማሪዋ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ።

"ያሳደደህ ወንበዴ ነው ወይስ የመንግሥት ሰው?"

"አንድ ሰው ነው።"

"ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱን ምረጥ።"

"ዩኒፎርሙን ሲለብስ ነው ሲያወልቅ?"

አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

አከራዬ ደግሞ "ተጠንቀቅ፣ እዚህ ሰፈር ጋንግ አለ" አሉኝ።

"ፖሊስስ?"

"እሱማ ያሳድዳቸዋል።"

ተመስገን፣ እዚህ ገና ሁለት ናቸው።

ትናንት እህቴ አልማዝ ደወለች። ታናሻችን ደረጀ ሰበታ ካለው ሥራው ሲመለስ ታፍሷል። እንዲለቀቅ ምስክርነት ያስፈልጋል፤ አይቶ የሚያጸድቀው ካራቴ ነው።

"በቴሌግራም ላክልኝ፣ እድሩ ያትመዋል" አለችኝ።

"ስለ ደረጀ ምን ልበል?"

"ስለ ደረጀ አይደለም፣ ጋሼ። ስለ ካራቴ ጻፍ። እንደ ፊተኛው አድርገህ። ራሱ ነው እንዲህ ያለው።"

"ደረጀን ላጩት?" አልኳት።

"ላጩት። ቶሎ በል።"

ይኸው ከትናንት ጀምሮ "በሥነ ምግባሩ" የሚለው ላይ ቆሜአለሁ።