ሙሀጅር የፍሬን ቱቦ ሲያስመርጥ

ቦሳ አዲስ ሰፈር የሚሠራው ሜካኒክ ሙሀጅር ከደንበኛ ጋር አይከራከርም። ለፍሬን የማይሆን ቱቦ ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ «እሺ፣ እገጥመዋለሁ፤ ግን የምትወደውን ሰው አምጣና ከጋራዡ በታች ያለውን ቁልቁለት አብረን እንሞክረው» ይለዋል። ሰውም ወዲያው ሄዶ ደህና የብረት ቱቦ ከነማጥበቂያ ነቱ ገዝቶ ይመለሳል።

ከየቡ ከተማ ቡና የሚያመላልሰው ሹፌሩ ደሬሳ ግን፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይዞ መጥቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። አማቱን አዴ ዙሀራን አምጥቶ ጋቢና አስቀመጣቸው።

«ወላሂ፣ ከእሳቸው የምወደው የለኝም!»

አዴ ዙሀራ ቱቦውን አዩት። ጨርቁን አወቁት፤ ራሳቸው ያሰሩት ነው።

«አንተ! ትናንት ‹ፍሪጅዎ አለቀለት› ያልከኝ ለዚህ ነው?»

ደሬሳ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደው፤ ያለ ፍሬን።